ምሕረት በባልዲ

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ባልዲ ይዛ በሬን አንኳኳች። የጉዞ ፕሮሰሷ አልቆላት በሳምንቱ ወደ ካናዳ በራሪ ናት። አልጋውም ምጣዱም እዚሁ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ገዢ አግኝቷል፤ የቀሩት የልጇ ሁለት ጎልድ ፊሾች ብቻ ናቸው። «እትዬ፣ እስከ ወንዙ ይሸኙኝ፤ ነፍስ ናቸውና እንልቀቃቸው» አለችኝ።

እንደማይሆን ስነግራት ሳቀች። «ይሄ ወንዝ እንደሆነ ፍሳሽ ነው፤ ሁለት ዓሣ ምን ያደርገዋል?»

እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው። ጎልድ ፊሽ ኦክስጅን ባነሰበት፣ ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ውኃ ይኖራል። መስታወት ውስጥ ጣት የምታህለው፣ ቦታና ምግብ ካገኘች ከ30 ሴንቲ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። ጭቃውን እየማሰች ውኃውን ታደፈርሳለች፣ ሣሩን ትነቅላለች፣ የሌላውን ዓሣ ዕንቁላል ትለቅማለች። በሽታ ካለባትም ይዛው ትወርዳለች። የሰፈራችን ወንዝ ኪሪችዋም ቢሆን እዚሁ አይቆምም፤ ወደ ናይሮቢ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ አቲ ይገባል፤ መጨረሻውም ሕንድ ውቅያኖስ ነው።

እንግዳ ፍጥረት ውኃ ሲገባ የሚያደርሰውን ጉዳት ኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ ይሆናል ተብሎ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው የአሜሪካ ቀይ ክሬይፊሽ የውኃውን ዕፅዋት ግጦ ጨረሰ። እኛ ኢትዮጵያውያንስ? እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሐምራዊ አበባው ያማረው ሰው ለጌጥ እየያዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ነቀለው! ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች ቤት ነው። ለእምቦጭ ማስወገጃ ያዋጣን ሰዎች የሰው አገር ወንዝ ላይ ባልዲ ስንገለብጥ እጃችን ሊያመነታ ይገባል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ በር ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት እንለጥፍ የለ? «ዓሣ ወሳጅ እንፈልጋለን» ብለንም እንለጥፍ። የገዛንበት ሱቅ ይቀበል እንደሆነ እንጠይቅ። ሽንት ቤት መጨመርም መፍትሔ አይደለም።

ዓሦቹ አሁን እኔ ሳሎን ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ከካናዳ በቪዲዮ ስትደውል ከእኔ በፊት ሰላም የምትለው እነሱን ነው። ገንዳቸውን ሳጥብ አሮጌውን ውኃ በረንዳ ላይ ያለው ጤና አዳሜ ይጠጣዋል።