ከቬሎድሮም በፊት አሠልጣኝ፤ የሴቶች የትራክ ብስክሌት ከየት ይጀምር?

በአዲስ አበባ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የለቡ አካባቢ ስሙ ከመጓጓዣ ጋር ሲነሣ ሁለት ነገሮች ይጠቀሳሉ። አንደኛው በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የባቡር መስመር የሚያልፍበት የፉሪ-ለቡ ጣቢያ ነው። ሁለተኛው ከለቡ ወደ ጀሞ በሚወስደው ጎዳና ለብስክሌተኞች ተብሎ የተለየው መስመር ነው።

አንዲት ወጣት በዚህ መስመር ብስክሌት መንዳት ለመደች እንበል። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ትመላለሳለች፤ ፍጥነቷ ከእኩዮቿ ይበልጣል፤ መወዳደርም ትሻለች። ከዚህ በኋላ ወዴት ትሂድ? ማንስ ያሠልጥናት? ጥያቄው የለቡ ብቻ አይደለም። ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ በሆነባት በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወላጆችና ወጣቶች የሚያነሡት ነው።

የትራክ ብስክሌት ምንድን ነው?

በሀገራችን በስፋት የሚታወቀው የብስክሌት ውድድር በአስፋልት መንገድ የሚካሄደው ነው። የትራክ ውድድር ግን የሚደረገው ቬሎድሮም በሚባል ሞላላ መም ውስጥ ነው። ለኦሊምፒክ የሚሠራው መም ዙሪያው 250 ሜትር ሲሆን ወለሉ ከእንጨት ይነጠፋል፤ መታጠፊያዎቹም ከ40 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ ናቸው። በዝግታ የሚነዳ ሰው በዚያ ተዳፋት ላይ መቆየት አይችልም፤ ተንሸራትቶ ይወርዳል።

ብስክሌቱም የተለየ ነው። ፍሬን የለውም፤ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ፔዳሉና የኋላ ጎማው ተያይዘው ይዞራሉ። ጎማው እስከዞረ ድረስ የተወዳዳሪዋ እግርም ይዞራል። ፍጥነቷን የምትቀንሰው በእግሯ ኃይል ፔዳሉን በመግታት ነው። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ጀማሪን ያለ አሠልጣኝ ማሰማራት ለጉዳት መዳረግ ነው። በሌላ በኩል በመሙ ውስጥ መኪና፣ ባጃጅና የጭነት እንስሳ የለም፤ አሠልጣኙም ሠልጣኟን ከጅምር እስከ ፍጻሜ ከዓይኑ አይለያትም። ለጀማሪ ሴት ልጅም ሆነ ልጃቸው ወጥታ እስክትመለስ ለሚሰጉ ወላጆች ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሴቶች በኦሊምፒክ የመንገድ ብስክሌት መወዳደር የጀመሩት በሎስ አንጀለስ 1984፣ በትራክ ደግሞ በሴኡል 1988 ነው። እስከ አሁን ኢትዮጵያዊት ሴት በኦሊምፒክ የትራክ ውድድር ተሰልፋ አታውቅም።

አንድ ውድድር፣ ሦስት ሴቶች

ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች የመንገድ ብስክሌት ውድድር ተካሂዶ ነበር። ርቀቱ 158 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያ ውድድር ከተሰለፉት መካከል የሦስት ሴቶች ታሪክ ለእኛ ትምህርት ይሆናል።

የመጀመሪያዋ የወርቅ ሜዳልያውን የወሰደችው አሜሪካዊቷ ክሪስተን ፎክነር ናት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ከሦስት የሀገሯ ልጆች ጋር በትራክ የቡድን ውድድር ሁለተኛ ወርቅ አግኝታለች። ፎክነር የእሽቅድምድም ብስክሌትን የተዋወቀችው በልጅነቷ አልነበረም። በኢንቨስትመንት ሙያ ተቀጥራ ስትሠራ ሳለ፣ እ.አ.አ. በ2017 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ለጀማሪ ሴቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተገኝታ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ያጠለቀችው ሴት የተነሣችው በከተማ መናፈሻ ውስጥ ከሚሰጥ የጀማሪዎች ሥልጠና ነበር።

ሁለተኛዋ በትግራይ ተወልዳ ያደገችው እየሩ ገብሩ ናት። እየሩ በስዊዘርላንዷ ኤግል ከተማ በሚገኘውና 200 ሜትር የእንጨት መም ባለው የዓለም ብስክሌት ማዕከል ሠልጥናለች። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ኑሮዋን በፈረንሳይ አድርጋ፣ በፓሪስ 37 ስፖርተኞች በነበሩት የስደተኞች የኦሊምፒክ ቡድን ስም ተሰልፋለች። ከሀገር ውስጥ ተነሥታ ለዓለም መድረክ የበቃች ብስክሌተኛ ዕውቀቷንና ልምዷን ለታናናሾቿ የምታካፍልበት ዕድል ከእርሷ ጋር ወጥቷል። ጦርነት ሜዳልያ ብቻ ሳይሆን የነገ አሠልጣኝም እንደሚያሳጣ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ሦስተኛዋ ናይጄሪያዊቷ ኤሴ ኡክፔሴራዬ ናት። ከመንገዱ ውድድር በኋላ በትራክ እንድትወዳደር ሳይታሰብ ዕድል ሲሰጣት የትራክ ብስክሌት በእጇ አልነበረም። የጀርመን ቡድን አውሷት ተወዳደረች። ሀገሯ ናይጄሪያ ግን እ.አ.አ. በ2003 ለተካሄደው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በአቡጃ የተገነባ ቬሎድሮም አላት። ግንባታው ብቻውን ተወዳዳሪዋን ከተውሶ ብስክሌት አላዳናትም።

የሀገራችን መነሻ

ኢትዮጵያ ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በሜልቦርን 1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ ብስክሌተኞች ነበሩበት። የማይጨው ተወላጁ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሰላም አማሃም በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች የመንገድ ውድድር ሀገሯን ወክላለች።

እነዚህ ሁሉ የመንገድ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንገዱ አለ፣ ቬሎድሮም ግን የለም። ይሁን እንጂ መንገዱም ለጀማሪዎች እየጠበበ ሄዷል። የከባድ ተሽከርካሪዎች ፍሰት ጨምሯል፤ ሴት ልጅ በብስክሌት ስታልፍ የሚሰነዘረው ለከፋም ጨርሶ አልቀረም። የመንገድ ልምምድን ከልጅነቷ ጀምራ መቋቋም የምትችለው ወንድም ወይም አባት ወይም ክለብ ከጎኗ ያለላት ብቻ ትሆናለች። ሌሎቹ ችሎታቸው ሳይታወቅ ይቀራል።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ አልተቀመጡም። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.አ.አ. በ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን መለያ ወስዷል። በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም ደግሞ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ጅምሩ የሚሻው ሦስት ነገሮችን ነው። የመጀመሪያው ሜዳ ነው። በብሪታንያና በካሪቢያን ደሴቶች በሣር ሜዳ ላይ የሚካሄድ የብስክሌት ውድድር የቆየ ልማድ ነው። እኛም ዘንድ በየከተማውና በየወረዳው የእግር ኳስ ሜዳ አለ። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር፣ ዙሪያውን በኖራ አስምሮ ለጀማሪዎች መም ማድረግ ይቻላል። ተዳፋት ስለሌለው ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ብትወድቅም የምትወድቀው በሣር ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ጎዳናዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ከተሽከርካሪ ነጻ የሚሆኑበት የ“መንገድ ለሰው” መርሐ ግብርም ለዚሁ ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው በጋራ የሚያገለግሉ ብስክሌቶች ናቸው። ጀማሪዋ በመጀመሪያ የምትማረው ፍሬን ባለው ተራ ብስክሌት ነው። ወደ ትራክ ብስክሌት የምትሸጋገረው ሚዛኗን ስትጠብቅ፣ መስመሯን ሳትለቅ ስትነዳና ወደ ኋላ ዞራ ስታይ መሪው ካልተወላገደባት በኋላ ነው። አንድ ብስክሌት በተራ ብዙዎችን ያሠለጥናል። ሄልሜት ግን የግድ ነው፤ ያለ እርሱ ሥልጠና መጀመር የለበትም።

ሦስተኛውና ዋናው አሠልጣኝ ነው። በተለይ ራሷ ተወዳድራ የምታውቅ ሴት ለጀማሪዎች የምታስተላልፈው ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር አለ። ፍርሃት በየትኛው ዙር እንደሚመጣ፣ ከፊት ያለችውን ብስክሌት ምን ያህል መጠጋት እንደሚቻል፣ በወር አበባ ጊዜ ልምምድ እንዴት እንደሚቀነስ ታውቃለች። ወላጆችም ልጃቸውን ለእርሷ በአደራ ለመስጠት አይቸገሩም። እንዲህ ያለች ሴት ግን በፈቃደኝነት ብቻ ለዓመታት አትቆይም። የትርፍ ሰዓት ክፍያና የምስክር ወረቀት የሚያስገኝ ሥልጠና ያስፈልጋታል። የኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽን፣ የክልልና የክፍለ ከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በበጀታቸው ሊያስቡበት የሚገባው ይህንን ነው።

ለምን ገንዘቡ ለሩጫ አይውልም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሩጫ ሀገሪቱን ያስጠራ ስፖርት ነው። ነገር ግን ሁሉም ልጃገረድ ሯጭ አትሆንም። ብስክሌት ደግሞ ለሜዳልያ ባትበቃ እንኳ ከእርሷ ጋር ይቀራል። ለትምህርት ቤት ለምትመላለስ የገጠር ተማሪ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ወተት ለምታመላልስ የከተማ ዳር ነዋሪ በልበ ሙሉነት መንዳት መቻል ራሱ ትርፍ ነው።

ቬሎድሮም የሚያስፈልግበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ ግን በውስጡ የሚዞሩ ሴቶች ቀድመው መገኘት አለባቸው። ከለቡ የብስክሌት መስመር ላይ ወደ ውድድር መግባት የምትሻ ወጣት ዛሬ የጎደላት በቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ ይዛ የምትጠብቃት አሠልጣኝ ናት። ይህን ለማሟላት ደግሞ አሥር ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ የሚቻል ነው።