መለኪያን ማወቅ ከክርክርና ከኪሳራ ያድናል

ገበሬው ከጥንት ጀምሮ መሬቱን በጥማድና በጋሻ፣ ርዝመትን በክንድና በእርምጃ፣ እህሉን በቁና፣ ቡናውን በፈረሱላ ሲለካ ኖሯል። እነዚህ መለኪያዎች ለዘመናቸው አገልግለዋል። ይሁን እንጂ የአንዱ ክንድ ከሌላው ይረዝማል፤ ጥማድም እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አፈሩ ጠባይ ይሰፋል፣ ይጠባል። ሜትር ግን በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ፣ በአዲስ አበባም ሆነ የኢትዮጵያን ቡና በሚገዛው አገር አንድ ነው።

የገበሬ ማኅበር ከመነሻው በልክ የተመሠረተ ድርጅት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ማኅበሩ ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋም፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለሆነ 800 ሄክታር ማለት 20 ጋሻ ነው። ዛሬም ለገበሬው የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የመሬቱን ስፋት በሄክታር ይገልጻል። በደብተሩ የሰፈረውን ቁጥር ከማሳው ጋር ማመሳከር የማይችል መሪ የወሰን ክርክር ሲነሳ የሚፈርደው በግምት ይሆናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በስፋት ላይ ነው። አንድ ሄክታር በአራቱም ጎን 100 ሜትር የሆነ መሬት፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በአራቱም ጎን 50 ሜትር የሆነው ማሳ ግን ግማሽ ሄክታር ሊመስል ይችላል፤ ሲባዛ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለት ሩብ ሄክታር ብቻ ነው። ቡና በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ፣ ሩብ ሄክታር ደግሞ 625 ችግኝ ይይዛል። መሬቱን ግማሽ ሄክታር ነው ብሎ የገመተ ገበሬ 1,250 ችግኝ ያዝዛል። ትርፉ 625 ችግኝ ወይ ደርቆ ይቀራል፣ ወይ ተጨናንቆ ይተከላል። በዳገት ላይ ሲለካም ገመዱ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ ሳይሆን በአግድም ተወጥሮ መያዝ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም።

በይዘት በኩል ያለው ስህተት ከዚህ ይብሳል። ወርዱ፣ ቁመቱና ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቡና ጉድጓድ 216 ሊትር አፈር ይወጣዋል። በሁሉም በኩል 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግን 27 ሊትር ብቻ ነው። «ግማሹን ቆፍሬአለሁ» የሚል ሰው በእርግጥ የቆፈረው አንድ ስምንተኛውን ነው። ሥሩ የሚንሰራፋበት የላላ አፈርና የሚደባለቀው ፍግም በዚያው ልክ ያንሳል።

ፍጥነትም ቢሆን የሾፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታጥቦ የሚዘጋጅ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይኖርበታል፤ ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። ሸክም የያዘ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ቢባል፣ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ማጠቢያ ጣቢያ ለመድረስ 3 ሰዓት ይፈጅበታል። ጣቢያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መቀበሉን የሚያቆም ከሆነ ለቀማው አብቅቶ ጉዞው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ያንኑ መንገድ በ24 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እንግዲህ መኪና በጋራ መከራየት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ በጩኸት ሳይሆን በስሌት ሊመለስ ይችላል።

ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየሜትሩ የተቋጠረ፣ 20 ሜትር ርዝመት ያለው የማይሳሳብ ገመድ፣ ልኩ የታወቀ አንድ ዱላና የሊትር ምልክት ያለው ጣሳ ይበቃል። መሪዎች እነዚህን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አኑረው፣ ከመትከያው ወቅት አስቀድመው አባላትን በየማሳው ሊያለማምዱ ይገባል። ማሳውን ራሱ የለካ ገበሬ በመሬቱም ሆነ በላቡ በቀላሉ አይታለልም።