የጣሳው በሶብላ በክረምት

ክረምት ሲገባ በረንዳ ላይ በጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን የተከልናቸውን በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል በረዶ እንዳይመታቸው ወደ ቤት የምናስገባ እናቶች ጥቂት አይደለንም። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጓሮው ያቺው ጣሳ ናት። ይሁን እንጂ ከበረዶ ያዳንነውን ተክል ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ራሳችን እንገድለዋለን።

እኔ ባለፈው ዓመት ገድያለሁ። እናቴ ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችልኝ የበሶብላ ዘር በቅሎ ክንድ ያህል ደርሶልኝ ነበር። ሰኔ ላይ አስገባሁትና ማድ ቤት ጥግ አኖርኩት። በሳምንቱ ጠወለገ። ጠምቶት ነው ብዬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አንድ ኩባያ፣ ማታ ስመለስ ሌላ አንድ ኩባያ አጠጣው ጀመር። ባጠጣሁት ቁጥር ይብሱን ጠወለገ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ ይሸት ነበር። ለካ በሶብላዬ የሞተው ሰጥሞ ኖሯል!

ውድ አንባቢያን፣ ሥርም አየር ይፈልጋል። በክረምት ፀሐይ ስለምታንስና ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ተክሉ የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። የሚያታልለንም ይኸው ነው። ስለዚህ ከማጠጣታችን በፊት ጣታችንን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ እንክተት፤ እርጥበት ከተሰማን እንተወው። የጣሳው ሥር አራት አምስት ቦታ በምስማር ይበሳ፤ ከታች ያለው ሳህን ውሃ ሲያቁር ይደፋ። አፈሩ ላይ ጥቃቅን ዝንቦች ማንዣበብ ከጀመሩ ውሃው በዝቷል ማለት ነው። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝማ ከበሶብላም ይበልጥ ደረቅ አፈር ስለሚወዱ አሸዋ ቢቀላቀልላቸው ይስማማቸዋል።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። ከአውሮፓ የመጡ የአትክልት መጻሕፍት ጣሳውን በደቡብ መስኮት አኑሩ ይላሉ። ለአገራቸው ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታዘነብለው ወደ ሰሜን ነው። የእኛ የክረምት ደቡብ መስኮት ጥላ ነው ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው የምሥራቁ ነው፤ ደመናውና ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የጠዋቷን ፀሐይ ያገኛል። ማድ ቤት ጥግ፣ እንደ እኔ፣ ማንም አያኑር።

ለመጠባበቂያ ሰኔ ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ ለጋ የበሶብላ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታች ቅጠሉን አራግፎ፣ በብርጭቆ ውሃ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ውሃው በየሁለት ቀኑ ከተለወጠ ሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ሥር ያወጣል።

እናቴን ዘር እንድትልክልኝ ስጠይቃት፣ «ሁሉንም ዘርተሽው ነበር እንዴ?» አለችኝ። የዘንድሮው ግማሹ እንደተቋጠረ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።