መርከብ ይቅደም ወይስ ወደብ?

ከባህር ርቃ በምትገኘው የጅማዋ ሸቤ ስለ ባህር ኃይል ማንሳት እንግዳ ይመስል ይሆናል። ይሁንና የሸቤ ቡናም ገበያው ባህር ማዶ ነው።

«ኢትዮጵያ» የተሰኘችው መርከብ በ1944 እ.ኤ.አ. «ኦርካ» ተብላ የአሜሪካን ባህር ኃይል ተቀላቀለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ የባህር አውሮፕላኖችን ስትደግፍ ቆይታ፣ በ1962 ለአገራችን በውሰት ተሰጠች። የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ አገለገለች። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባህር ኃይሉም በ1996 ፈረሰ።

መንግሥት በ2018 ባህር ኃይሉን እንደገና እንደሚያቋቁም አስታውቆ፣ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ተስማምቷል። በእኔ እምነት ግን ከመርከብ ግዢ በፊት በሕግ የጸና የወደብ ስምምነት መቅደም አለበት። «ኢትዮጵያ» ጦርነቱን ተርፋ የጠፋችው መጠጊያ ስላጣች ነውና።