ለወራሽ የተሰፋ ታሪክ

ስለ ሰሜን ኮሪያ ሲነሳ ሳቅ ይቀድማል። የቀድሞው መሪ ኪም ጆንግ ኢል በፔክቱ ተራራ ሲወለድ ድርብ ቀስተ ደመና ታየ፣ አዲስ ኮከብ ወጣ ይባላል፤ ማን አይስቅም? ሳቃችን ግን ቦታውን ስቷል። ተአምሩ ለማድመቂያ ነው። ሥራውን የሚሠራው ተራ የሚመስለው የልደት ቀን ነው።

የሶቪየት መዛግብት እንደሚያሳዩት ልጁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1941፣ በሩሲያ ምድር፣ ከካባሮቭስክ ብዙም ሳይርቅ ነው። ይፋዊው ታሪክ ቦታውን ወደ ፔክቱ፣ ዓመቱን ወደ 1942 አዛወረው። የነፃ አውጪው የኪም ኢል ሱንግ ልጅ በባዕድ ጦር ሰፈር ተወለደ ማለት ያሳፍራላ! ፔክቱ ደግሞ ኮሪያውያን የዘራችን መነሻ የሚሉት ተራራ ነው። ዓመቱስ? አባትየው ኪም ኢል ሱንግ የ1912 ልጅ ነው፤ በአንዲት ዓመት ሽግሽግ የአባት 70ኛና የልጅ 40ኛ ልደት በ1982 ገጠሙ። ተወለደበት የሚባለው፣ ጎብኚ የሚሰለፍለት የፔክቱ የእንጨት ጎጆም የቆመው ልጁ በ1980ው የፓርቲ ጉባኤ ወራሽነቱ ከታየ በኋላ ነው። መጀመሪያ ወራሹ ተመረጠ፣ ከዚያ ታሪኩ በልኩ ተሰፋለት።

ተረኛው ወራሽ፣ ልጁ ኪም ጆንግ ኡን ሲመጣ መቀሱ በረታ። እናቱ የተወለደችው ኦሳካ፣ ጃፓን ውስጥ ነው፤ ከጃፓን የተመለሰ ቤተሰብ ደግሞ በዚያ አገር የመደብ መዝገብ በጥርጣሬ የሚታይ ነው። ስለዚህ የመሪው እናት በአደባባይ ስም የላትም። የአክስቱ ባል ጃንግ ሶንግ ቴክም በታኅሣሥ 2013 ሲገደል ከቴሌቪዥን ፊልሞች ሳይቀር ተቆርጦ ወጣ።

ለእኛ የዘር ሐረግ ፖለቲካ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የ1948ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 2 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘር ሳይቋረጥ እስከ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ያደርሰው ነበር። ያም ተረት ነው ቢባል አልከራከርም፤ ዘውዱ ግን ዘውድ መሆኑን አልደበቀም። ፒዮንግያንግ ራሷን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ብላ ሥልጣንን ከአባት ለልጅ ታወርሳለች። በስም የሌለውን ዙፋን የሚሸከምላት የታሪክ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ከኅዳር 2022 ወዲህ ደግሞ የኪም ጆንግ ኡን ሴት ልጅ ከአባቷ ጋር በሚሳኤሎች አጠገብ ትታያለች። ትወርስ አትወርስ ገና አልተነገረም። ከተመረጠች ግን ዛሬ ተማሪዎች ከሚሸመድዱት የትኛው ገጽ እንደሚቀደድ መገመት ይቻላል፤ እስካሁን የተተረከው የፔክቱ ዙፋን ከወንድ ወደ ወንድ የሚያልፍ ነውና።