የዱር እንስሳት ጥበቃ፣ የባለቤትነት መብትና ገበያ፦ ከደቡባዊ አፍሪካ የሚቀሰም ትምህርት

ነብር ፍየሉን የነጠቀበት፣ ዝንጀሮ ማሳውን ያወደመበት አርሶ አደር የዱር እንስሳት ጥበቃን ወጪ በቅድሚያ የሚሸከም ዜጋ ነው። ከጎብኚና ከአዳኝ የሚሰበሰበው ገቢ ግን ብዙውን ጊዜ ከደጃፉ አይደርስም። የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ይህንን አለመመጣጠን ለማረም የመረጡት መንገድ መብትንና ገበያን መሠረት ያደረገ ነው።

በናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ድንጋጌ የግል እርሻ ባለይዞታዎች በመሬታቸው ላይ በሚገኙ የዱር እንስሳት እንዲጠቀሙ ፈቀደ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 የተደረገው የሕግ ማሻሻያ ተመሳሳይ መብት በጋራ ይዞታ ላይ ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች አዳረሰ። መብቱ ግን ያለ ግዴታ አልተሰጠም። ማኅበረሰቡ ወሰኑን መለየት፣ አባላቱን መመዝገብ፣ ኮሚቴ መምረጥና የጥቅም ክፍፍል ዕቅድ ማዘጋጀት ይኖርበታል። በአሁኑ ጊዜ በዚህ መልክ የተደራጁት ማኅበራት ከ80 በላይ ሲሆኑ፣ ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህሉን ይሸፍናሉ።

የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ የአሠራሩን ጥንካሬም ድክመትም ያሳያል። ከመቶ ዓመት በፊት ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ነጭ አውራሪስ በመጀመሪያ የተረፈው በመንግሥት ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቁጥሩ የተስፋፋው ግን የግል ባለይዞታዎች እንስሳውን ገዝተው ማርባት ከጀመሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሕግም በአግባቡ በታጠረ መሬት ላይ ለሚገኙ የዱር እንስሳት የባለቤትነት ዋስትና ሰጠ። ሆኖም ሕገ ወጥ አደን የጥበቃውን ወጪ አናረው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 2,000 የሚጠጉ አውራሪሶችን የያዘ ትልቅ የግል እርባታ ለጨረታ ቢቀርብም ተጫራች አላገኘም፤ እንስሳቱን በመጨረሻ የተረከበው ለትርፍ ያልተቋቋመ የጥበቃ ድርጅት ነው። ጥበቃን በገበያ ላይ ብቻ መመሥረት ዋጋ ሲወድቅ እንስሳውንም ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በኢትዮጵያ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆናቸው የደቡብ አፍሪካን ሞዴል እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ይሁንና የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የግል ባለሀብቶችና የአካባቢ ማኅበረሰቦች የጥበቃ ሥፍራዎችን እንዲያስተዳድሩ በር ከፍቷል። በአገራችን ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘንም ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች በኮታና በፈቃድ ይታደናል። በመሆኑም ለኢትዮጵያ ዋናው ጥያቄ የእንስሳው ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ሳይሆን፣ ከእንስሳው ጋር የሚኖረው ቤተሰብ ከገቢው ምን ያህል፣ መቼና በየትኛው ግልጽ አሠራር ይደርሰዋል የሚለው ነው።

ድርሻውን አስቀድሞ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ደኑን ከምንጣሮ፣ እንስሳውንም ከሕገ ወጥ አዳኝ የሚጠብቅበት ምክንያት ይኖረዋል። ድርሻው በውል ያልታወቀ ማኅበረሰብ ግን ሸክሙ ብቻ ይተርፈዋል።

ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ የዱር እንስሳትንና ውጤቶቻቸውን መነገድ በሕግ የተከለከለ ነው። በዘርፉ ለመሰማራት የሚፈልጉ ባለሀብቶችና ማኅበራት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ከሚመለከተው የክልል መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅና ተገቢውን ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል።