ሰው የሚቀመጥበት መኪና

በዲላና በጌዴኦ አገር ልጆች በጭቃ መኪና ይሠራሉ። ጭቃ ባይገኝ የእንሰት ግንድ ይቈርጣሉ፤ (ለቆጮ ከተፋቀው የተረፈውን ይሁን እንጂ የቆመውን አትንኩ፤) የጠርሙስ ቆርኪም መንኰራኵር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ በከተማይቱ ስለሚያልፍ፥ ቡና የጫነ ካሚዮን ያያሉና ምሳሌ አያጡም። አንዳንድ ሰዎች ግን ይህን ሥራ ፈትነት ይሉታል። እኔ ከእነርሱ ጋራ አልስማማም፤ ዳሩ ግን የተሠራውን መኪና ኹሉ አላመሰግንም።

ብዙው ልጅ አስቀድሞ መኪናውን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የጭቃ ሰው ሊያስቀምጥበት ይወዳል፥ ስፍራም ያጣል። ያን ጊዜ ሰውየውን ከጣራው ላይ ይለጥፈዋል፥ ወይም እግሩን ይቈርጠዋል። ይህ መንኰራኵር ያለው ሣጥን ነው እንጂ መኪና አይባልም። እናንተ ግን ሰውን አስቀድሙ፤ እርሱን አስቀምጣችሁ ለኩ፥ ከዚያ በኋላ በዙሪያው ግድግዳውን አቁሙ።

ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ስለሚወጣ መጠኑ ያንሳል። የደረቀ ሰው በእርጥብ መኪና ውስጥ ብታስቀምጡ፥ መኪናው እየጠበበ ይሄዳል፤ ሰውየው ግን አይጠብምና ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመካከላቸው ጥቂት ክፍት ስፍራ ተዉ።

በዴንማርክ አገር በቢሉንድ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የሚባል አናጢ ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ የሥራ ቤቱም ኋላ ሌጎ ተባለ። እርስ በርሱ የሚጋጠመው የዛሬው የፕላስቲክ ጡብ በ1958 ዓ.ም. ወጣ፤ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ትንሹ ሰው ግን እስከ 1978 ዓ.ም. አልመጣም። ሰውየው ከመጣ በኋላ መኪናው በእርሱ ልክ መሠራት ነበረበት። በጡቡ ላይ ያሉትን ጕብታዎች ቍጠሩ፤ ወርዱ አራት ጕብታ የሆነ መኪና በቀኝና በግራ አንዳንድ ለግድግዳ ቢሰጥ ኹለት ይቀረዋል፤ ይህም የአንድ ሰው ስፍራ ነው። ጓደኛ ከጐኑ እንዲቀመጥ የሚወድ ልጅ መኪናውን ማስፋት አለበት።

በብዙ ቤት ወንድሞች መኪና ሲሠሩ እኅታቸው ውሃ ልትቀዳ ትሄዳለች። ስትመለስ መኪናው አልቋል፥ ለእርስዋ ሰው ስፍራ የለውም። «መኪና የወንድ ነው» የሚልም አይጠፋም። ይህ ሐሰት ነው፤ ጭቃው የተለወሰው እርስዋ በቀዳችው ውሃ ነው። እንግዲህ አንዱ ወንድም ጀሪካኑን ይውሰድና ወደ ወንዝ ይውረድ። እርስዋም ትቀመጥ፥ ሰውዋን ታብጅ፤ መኪናው በዚያ ሰው ልክ ይለካ፥ መሪውንም እርሱ ይያዝ። ሲያልቅ ከፀሐይ ፈቀቅ አድርጋችሁ በጥላ አኑሩት፤ ቀስ ብሎ የደረቀ ጭቃ ቶሎ አይሰነጠቅም።